ባላባቱ ለመዝፈን ሲነሡ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ መስመር ላይ ስለጻፍኩት ነው። መጻፍ ሥራዬ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። የተመረቅኩት በቋንቋ ቢሆንም የተመደብኩት ቦሌ በሚገኝ የከፍተኛ ጽሕፈት ቤት፣ በባህልና ማስታወቂያ ክፍል ነው። ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና አንድ ኃላፊ ነበረው። በአካባቢው ትርኢት በቀረበ ቁጥር ከተመልካቹ መሃል ተቀምጬ ሕዝቡ ያደረገውን እመዘግባለሁ። ግጥሙን አስቀድሞ የሚመረምር ሌላ ሰው አለ፤ መድረኩን የሚከታተልም ሌላ ሰው አለ። እኔ የማየው የተቀመጠውን ሰው ነው። የት ሳቀ? የት አጨበጨበ? የት አጉረመረመ? ማን ጀመረው? ቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ ዓምድ ተሠርቶለታል። የመጨረሻው ዓምድ «ምክንያት» ይላል።

ለዓይን አፋር ሰው ምቹ ሥራ ይመስላል። ማንም አያናግረኝም፣ እኔም ማንንም አላናግርም። ግን ወረቀቱ ከእጄ ከወጣ በኋላ የት ሊደርስ እንደሚችል አውቅ ነበር። ከእኔ በፊት በነበረው ሠራተኛ ሪፖርት ምክንያት አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ለወራት ታስሮ እንደነበር የሰማሁት ሥራ በገባሁ በሳምንቱ ነው። ሪፖርቱ «ሕዝቡ ያለ ቦታው ሳቀ» ከማለት ሌላ ነገር አልነበረውም አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ከመጻፌ በፊት እርሳሱን አፌ ውስጥ አስገብቼ ብዙ እቆያለሁ።

የዚያ ቀን ትርኢት ከአብዮቱ በፊት ከተማው ሁሉ ያየው አሮጌ ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር። አንድ ትዕቢተኛ ባላባት የጭሰኛውን ሴት ልጅ በግድ ሊያገባ ይነሣል፤ ወንድሟ ይጋፈጠዋል፤ በመጨረሻም ባላባቱ ተዋርዶ ብቻውን ይቀራል። ዘፈኖቹን እናቴ ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉራቸው ስለነበር እኔም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ጭሰኛው ባላባቱን ስለሚያዋርድ ቴአትሩ እንደገና እንዲቀርብ ከላይ ተፈቀደ። ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው፤ ካባ፣ ለምድና ጎራዴ መድረክ ላይ አይወጡም። የፊውዳል ልብስ የሰውን ልብ ወደ ኋላ ይመልሳል ተባለ። ካባ የሌለው ባላባት እንዴት ይሆናል ብለው ሁሉም ሲጨነቁ መላውን ያመጣው የከፍተኛውን የኪነት ቡድን የሚመራው የሙዚቃ መምህር ነው። ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ ሰው ነበር።

«እዚያ አገር ይደረጋል» አለ። «ልብስ የለ፣ ጌጥ የለ። ዘፋኞቹ በተርታ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ተራው የደረሰ ብድግ ብሎ ይዘፍንና ይቀመጣል። ኮንሰርት ነው።»

ኃላፊዬ ወጪ ስለሌለው ወዲያው ተስማማ።

አዳራሹ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የሠራተኞች መሰብሰቢያ። መጋረጃው ሲከፈት ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ታዩ። ሁሉም ሰማያዊ ካኪ ለብሰዋል፣ ሁሉም ጭናቸው ላይ የወረቀት ማቀፊያ አኑረዋል፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ እኛ ያያሉ። አንድም ሰው አላጨበጨበም። ደብተሬ ላይ «ዝምታ» ብዬ ጻፍኩ።

በቀኜ የተቀመጡት ወሎ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ በዓይን ብቻ የማውቃቸው ሴትዮ ነበሩ። ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ቴአትር ነው አላሉም እንዴ?»

«ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ እነዚህ ምንድን ናቸው? ስብሰባ ሊመሩ የመጡ መሰሉብኝ እኮ።»

ከኋላችን የጋራዥ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእጃቸው የናፍጣ ሽታ ይመጣል። አንዱ ሰምቷቸው ኖሮ፣ «ይጠብቁ እማማ፣ መጀመሪያ አጀንዳው ይነበባል፣ ከዚያ እጅ እናወጣለን» አለ።

«ዝም በል አንተ፣ እንዳታስበላን» አለው ጓደኛው።

መምህሩ የሙዚቃ መምሪያ ዘንጉን ከፍ አደረገ። መድረክ ላይ ያሉት ሃያውም ሰዎች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

የመጀመሪያውን ረድፍ የያዙት ኃላፊዎች ነበሩ። ኃላፊዬ መሃል ላይ፣ በስተግራው ደግሞ ከላይ የመጡ እንግዳ ተቀምጠዋል። ዘፋኞቹ ሲነሡ ኃላፊዬ እንደ ሞላ ተፈናጥሮ ተነሣ፣ እንግዳውም ተነሡ፣ ረድፉ ሁሉ ተነሣ። እነሱ ቆመው ማን ይቀመጣል? አዳራሹ በሙሉ ቆመ። እጆች ወደ ጎን ተዘረጉ፣ አገጮች ቀና አሉ። እኔም ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። በየስብሰባው መጀመሪያ ሰው መድረክ ላይ በአንድነት ሲነሣ መዝሙር ማለት ነበር፤ ሌላ ምክንያት አይተን አናውቅም። የተጀመረው ግን የመኸር ዘፈን ነበር።

«የየት አገር መዝሙር ነው ይሄ?» አለ የጋራዡ ሰው በሹክሹክታ።

መምህሩ የወንበር ድምፅ ሰምቶ ዘወር አለ። ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲያየው ደነገጠ መሰለኝ፤ በግራ እጁ መዳፍ ተቀመጡ ተቀመጡ የሚል ምልክት አሳየን። ግማሹ ተቀመጠ። ሌላው ግማሽ ኃላፊዬ ስላልተቀመጠ ቆሞ ቀረ። ዘፈኑ አልቆ ዘፋኞቹ ሲቀመጡ የቆመው ተቀመጠ፤ የተቀመጠው ደግሞ የተሳሳተ መስሎት ተነሣ። በሁለተኛው ዘፈን መሃል አውሮፕላን ተነሣና ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። የሰፈሩ ልጆች የሆኑት ዘፋኞች እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ዘግተው እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ከፒያሳ የመጣው አኮርዲዮን ተጫዋች ግን ይህን ልማድ አያውቅምና ቀጠለ። አውሮፕላኑ ሲርቅ እሱ አንድ ቦታ፣ ዘፋኞቹ ሌላ ቦታ ነበሩ።

ደብተሬ ላይ «ተመልካቹ ተነሣ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያት ከሚለው ዓምድ ስር «መዝሙር መስሎት» አልኩና ሰረዝኩት። የሦስት መቶ ሰው ሐሳብ እኔ እንዴት አውቃለሁ? ዓምዱን ባዶ ተውኩት።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰው ሥርዓቱን ለምዶ ተረጋግቶ ነበር። ያን ጊዜ የባላባቱ ተራ ደረሰ።

የባላባቱን ድርሻ የሚዘፍኑት በእኛ ሰፈር የማያውቃቸው የሌለ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው በወታደር ባንድ ዘፍነዋል፤ በቡድኑ ውስጥ ያን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ሌላ ሰው አልነበረም። የመጋዘን ጠባቂ ናቸው፣ የእድር ዳኛም ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው በሐዘኑ ቀን እሳቸው ያቆሙት ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ ወይ ከሚስቱ ተጣልቶ እሳቸው አስታርቀውታል። ካባ ቢደረብላቸው፣ ጎራዴ ቢታጠቁ፣ ጺም ቢለጠፍላቸው ኖሮ ባላባት ይመስሉ ነበር። በሰማያዊ ካኪ ግን ራሳቸው ነበሩ።

ግራ ጉልበታቸው ያማቸዋል። መምህሩ ምልክት ሲሰጣቸው በአንድ እጃቸው ማቀፊያውን፣ በሌላው የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ለመነሣት ሞከሩ፤ ግማሽ ላይ ደርሰው ተመልሰው ተቀመጡ። እንደገና ሞከሩ።

ያኔ የሆነው በጣም በፍጥነት ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን በትክክል አይቻለሁ። ኃላፊዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከጎኑ ያሉት እንግዳም ጎንበስ ብለው ግማሽ ተነሡ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ፤ እንደ መጀመሪያው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰው ቤት እንግዳ ሲገባ እንደሚደረገው፣ ጎንበስ ብሎ።

«ኖር!» አለ ከፊት በኩል አንድ ሰው።

«ኖር! ኖር!» አለ አዳራሹ።

እኔም ብያለሁ። አፌ ነው ያለው፣ አሳቤ አልነበረበትም።

አዛውንቱ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጎንበስ አሉ። አኮርዲዮኑ ጀምሮ መግቢያውን አልፏል።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ ልጆቼ፣ ተቀመጡልኝ» አሉ፤ ከዚያም በዚያው እስትንፋስ መሬቱም፣ ወንዙም፣ በላዩ ያለው ሰውም የእኔ ነው የሚለውን የትዕቢት ዘፈን ጀመሩ።

እናቴ እንደነገረችኝ በድሮ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ሰው ያፏጭ፣ ይሳደብም ነበር፤ አንዳንዱ ብርቱካን ልጣጭ ይወረውራል። እኛ ግን ጸጥ ብለን እጃችንን አጣጥፈን አዳመጥን። ጉልበታቸው እንዳይከዳቸው ሁላችንም የሰጋን ይመስለኛል። ሲጨርሱ ጭብጨባው ከአውሮፕላኑ ያልተናነሰ ነበር።

ከዚያ የልጅቷን ወንድም ሆኖ የሚዘፍነው ወጣት ተነሣ። ከጎሮ የመጣ የገበሬ ማኅበር ልጅ ነበር፤ አባቱ እውነተኛ ጭሰኛ እንደነበረ መምህሩ በኩራት ሲናገር ሰምቻለሁ። ዘፈኑ ባላባቱን ፊት ለፊት ማዋረድ ነው። ጣቱን ወደ አዛውንቱ ቀስሮ ጀመረ። ሌባ አላቸው፣ ጅብ አላቸው፣ ሆዳም ሽማግሌ አላቸው።

«ውይ!» አሉ እትዬ። «ምን አለ? ጋሼን ነው?»

«ዘፈኑ ነው እትዬ፣ ባላባቱን ነው» አልኩ።

«ወላሂ ጋሼን ነው! ጣቱን እይው እስቲ!»

ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው፣ «አንተ ልጅ፣ ነውር ነው!» ሲል ጮኸ። «ማን አሳደገው?» አለች ሌላ ሴት። የጋራዡ ሰው ቀልዱን ረስቶ፣ «ጣትህን አውርድ!» አለ። ልጁ ጣቱን አወረደ። ሁለተኛውን አዝማች ወለሉን እያየ ዘፈነ፤ ድምፁ ከአኮርዲዮኑ በታች ሆነ። ጅብ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ አፉ ተንቀሳቀሰ እንጂ ምንም አልተሰማም። ሲጨርስ ወደ አዛውንቱ ዞሮ አንገቱን ደፋ። አዛውንቱም ከተቀመጡበት በእጃቸው፣ ምንም አይደል ልጄ፣ እንደማለት አደረጉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እርሳሴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሕዝቡ ለባላባቱ ተነሥቷል። ሕዝቡ ጭሰኛውን ገሥጿል። ያየሁት ይህ ነው? አይደለም፤ ግን ሌላ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?

ትርኢቱ አልቆ ሰው ሲወጣ ኃላፊዬ በመተላለፊያው አስቆመኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ጓዲት፣ ምን አየሽ?»

«የ... የተነሡትን አየሁ ጓድ።»

«ከላይ የመጡት ጓድ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ሕዝባችሁ ለፊውዳል ነው የሚነሣው?› አሉኝ። ምን ልበላቸው? ነገ እንደገና ይቀርባል። ነገ ከጠዋቱ የነዋሪዎች ስብሰባ በፊት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሪፖርቱን እፈልጋለሁ።»

«እሺ።»

«ሽማግሌው ናቸው ያስነሡት። በምልክት። ደግሞ በአብዮታዊ መድረክ ላይ ‹በእግዜር› አሉ፣ ሰምተሻል አይደል? ሰው ቀስቅሰዋል። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው። ሌላውን እኔ ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ።»

ሰው ቀስቅሰዋል ማለት ምን እንደሚያስከትል ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። በዚያን ዘመን ለስድሳ አምስት ዓመት ሰው ያ ቃል እሑድን ቤቱ አያሳልፍም ማለት ነው። እርስዎም እኮ ተነሥተዋል፣ መጀመሪያ የተነሡት እርስዎ ነዎት ልለው አፌ ድረስ መጣ። ግን እኔ ፊቱ ቆሜ ከ«እሺ» በቀር ሌላ ቃል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ቤቴ ወሎ ሰፈር አካባቢ ስለሆነ በእግሬ ሄድኩ። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እየሄድኩ ራሴን እጠይቅ ነበር። እውነት ምክንያቱ ምን ነበር? ኃላፊዬ እንደሚለው በምልክት አስነሥተውን ይሆን? ለመነሣት ሲሞክሩ እጃቸው ወደ ላይ ብሎ ነበር ወይስ የወንበሩን መደገፊያ ብቻ ነበር የያዘው? ሰው ውስጥ ውስጡን ድሮን ናፍቆ ይሆን? እኔ ራሴስ ለምን ተነሣሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውን ምክንያት ስጽፍ የራሴን አንድ ጊዜ እንኳን ማወቅ አቃተኝ።

ሳላስበው የእትዬ ሱቅ በር ላይ ደረስኩ። ከእኔ ቀድመው ደርሰው ለደንበኛ ሳሙና እየቆረጡ ነበር። በሥራዬ ሰውን ጠይቄ አላውቅም። የዚያን ቀን ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው የተነሡት?»

«የት?»

«አዳራሹ ውስጥ። ለባላባቱ።»

«ለየትኛው ባላባት?»

«ለጋሼ። ባላባት ሆነው ነበር የሚዘፍኑት።»

ቢላዋቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ጋሼ? ጋሼ የት መሬት አላቸውና ባላባት ይሆናሉ? የሚኖሩት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው!» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «አምና ባሌ ሲያልፍ፣ እሳቸው ክርስቲያን ሆነው ከመስጊዱ በር ጀምሮ እስከ መቃብሩ በእግራቸው ነው የሸኙት። በዚያ ጉልበት። እና ሲነሡ ልቀመጥ? አንቺን እናትሽ አላስተማረችሽም?»

«አስተምራኛለች።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

መንገዱ ዳር ሁለቱ የጋራዥ ሰዎች ቆመው ነበርና እነሱንም ጠየቅኳቸው።

«እኔ?» አለ ቀልደኛው። «የፊት የፊቱ ሲነሣ መድረኩ ጠፋብኝ። ለማየት ነው የተነሣሁት።»

«ውሸቱን ነው!» አለ ጓደኛው። «ኖር ሲል ጆሮዬን ሊቀደው ነበር።»

«አንተስ?» አለው ቀልደኛው።

«እኔ አንተን አይቼ ነው።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ቀልደኛው ብብቴ ስር ያለውን ደብተር አየ። ዓይኑ ከደብተሩ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ደብተሩ ተመላለሰ።

«እህት፣ ለምንድን ነው የምትጠይቂው?» አለኝ። አሁን ድምፁ ሌላ ነበር።

«እንዲሁ ነው» አልኩ።

«እኛ አልተነሣንም» አለ። «አዳራሹም ውስጥ አልነበርንም።» ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ሰው እኔን ሲያይ ምን እንደሚያይ እስከዚያ ቀን አላሰብኩበትም ነበር።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ጻፍኩ። ቀስቅሰዋል የሚለውን ቃል መጀመሪያ ጻፍኩት፤ አልዋሽም። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ትንሽ ቃል ነው። ከዚያ ወረቀቱን ቀደድኩና ሌላ አወጣሁ። ምክንያቱን ባላውቅም ያየሁትን አውቃለሁ ብዬ፣ ያየሁትን ብቻ በቅደም ተከተል አሰፈርኩ።

«ባላባቱን የሚዘፍኑት አዛውንት ከወንበራቸው ለመነሣት ሲቸገሩ በመጀመሪያ ከፊተኛው ረድፍ መሃል የተቀመጡት ጓድ፣ ቀጥሎ ከጎናቸው ያሉት ጓድ፣ ከዚያም ሌላው ተመልካች ተነሣ። ‹ኖር› የሚለው ድምፅ በቅድሚያ የተሰማው ከፊት በኩል ነው። ይህን ሪፖርት የምታቀርበውም ተነሥታ ‹ኖር› ብላለች። አዛውንቱ ሰው እንዲነሣ የጠየቁበት ቃል አልተሰማም፤ የተሰማው እንዲቀመጥ የጠየቁበት ነው።»

ምክንያት ከሚለው ስር ደግሞ ይህን ጻፍኩ። «ለሽማግሌ መነሣት ልማድ ስለሆነ። አዛውንቱን ከባላባቱ የሚለይ ልብስ ስላልነበረ።»

እሑድ ቢሆንም ስብሰባ ስለነበረ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነበር። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገብቼ ቁጥር አስወጣሁ፤ የካርቦን ግልባጩን እዚያው ፋይል ውስጥ አስገባሁ። ሥርዓቱ ነው። ከዚያ ወደ ኃላፊዬ ክፍል ገባሁ።

ቆሜ እስኪያነብ ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ አነበበ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ጆሮዎቹ ሲቀሉ አየሁ።

«ከፊተኛው ረድፍ መሃል የተቀመጡት ጓድ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ።»

«አዎ ጓድ።»

«ከጎናቸው ያሉትስ...»

«አዎ።»

«አንቺም ተነሥተሻል።»

«ተነሥቻለሁ።»

«ልብስ ስላልነበረ ትያለሽ። ልብሱን የከለከለው ማን ሆነና?»

መልስ አልጠበቀም። ወረቀቱን አጣጠፈው፤ ሊቀደው መሰለኝ።

«ይሄ ግልባጭ አለው?»

«አለው ጓድ።»

«የት ነው ያለው?»

«መዝገብ ቤት። ቁጥር ወጥቶለታል።»

ቀና ብሎ አየኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«እኔ ደግሞ ዝምተኛ ትመስዪኝ ነበር» አለ።

ምን እንዳለኝ ወዲያው አልገባኝም። ተንኮል የሠራሁበት መስሎታል። እኔ ግን ሁልጊዜ እንደማደርገው ነው ያደረግኩት፤ ሳልዘግብ ያስገባሁት ሪፖርት ኖሮ አያውቅም። ይህን ልነግረው ነበር፤ ከዚያ ምንም ባልነግረው እንደሚሻል ተሰማኝ፤ እንደዚህ መሰማቱ ራሱ ተንኮል ይሁን አይሁን ግን ዛሬም አላውቅም።

ወረቀቱን ዘርግቶ በእጁ መዳፍ ደጋግሞ አሻሸው። ብዕሩን አነሣና ጥግ ላይ «ታይቷል፣ ይቀመጥ» ብሎ ፈረመ።

«ትርኢቱ ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል» አለ ሳያየኝ። «ግን ሽማግሌው ተቀምጠው ይዝፈኑ። ካልተነሡ የሚነሣ የለም። ሄደሽ ንገሪያቸው።»

የኪነቱ አባላት ለልምምድ ሲባል ከስብሰባው ነፃ ስለነበሩ አዛውንቱን ቤታቸው አገኘኋቸው። በሩ ገርበብ ብሏል። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው በሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው አጠገብ የተጠቀለለ ብርድ ልብስና በፌስታል የታሰረ ነገር አለ።

«ግቢ ልጄ» አሉ። «ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌላ ሰው የለም።»

ብርድ ልብሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ትናንት ከመድረክ ስወርድ የዚያን ሰውዬ ፊት አየሁት» አሉ። «ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ያደርኩት።»

እንባዬ መጣ፤ ግን ለማልቀስም አፈርኩ። ቶሎ ብዬ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ትርኢቱ እንደሚቀጥል፣ ማንም እንደማይመጣ፣ እሳቸው ግን ተቀምጠው እንዲዘፍኑ እንደተወሰነ።

«ተቀምጬ?»

«ተቀምጠው።»

ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ይስቁ ነበር።

«ባላባት ተቀምጦ ነው እንጂ መቼ ቆሞ ያዛል!» አሉ። «ትናንት ነበር ስሕተቱ። ትልቅ ባላባት አደረጉኝ እኮ!»

እኔም ሳቅኩ፤ መሳቅ ይገባኝ እንደሆነ ሳላውቅ። ከዚያ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ግን ሆዴ ተጣጥፎ ያን የታች ድምፅ ከየት አወጣዋለሁ? ሠላሳ ዓመት ቆሜ ነው የዘፈንኩት። እስቲ ያንን ማቀፊያ አቀብይኝ።»

ማቀፊያውን ከግድግዳው ላይ አውርጄ ሰጠኋቸው። ካፖርታቸውን አውልቀው ብርድ ልብሱ ላይ ጣሉት፤ ጀርባቸውን ቀና አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መሬቱ የእኔ ነው ብለው ጀመሩ። ሁለተኛው ቃል ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ።

«ጎንበስ ብዬ ሳነብ ደረቴን ያፍነኛል» አሉ። «ወረቀቱ ከፍ ቢል ነበር።»

ፊታቸው ቆምኩና ማቀፊያውን በሁለት እጄ ከዓይናቸው ትይዩ ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩ።